ኢንተርቪው ላይ «ምን ልበል?» ለምትሉኝ

ኮፒ ቤቴ ደሴ ፒያሳ ነው። ሲቪ ሊያስተይብ የመጣ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ዞር ይልና «እትዬ፣ ኢንተርቪው ላይ ግን ምን ልበል?» ይለኛል። በሳምንት አራት አምስቴ እሰማዋለሁ። ኮፒ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ፤ ከጠያቂዎቹ ወገን ብዙ ወንበር አሙቄያለሁ። ማሽኑ ወረቀት እስኪያወጣ በጥድፊያ የምመልሰውን አሁን በወጉ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የጠየቀኝን ሰው ይህን አትሜ እሰጠዋለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ። ብዙዎቻችሁ «ፖዘቲቭ ሁን፣ ፖዘቲቭ ሁኚ» ተብላችሁ ነው የምትመጡት፤ እንዴት እንደሚሆን ግን የነገራችሁ የለም። ነገሩ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። «ከተመረቅህ ሁለት ዓመት ሆነህ፤ ምን ስትሠራ ነበር?» የሚለውን «ለምን ቦዘንህ?» ብሎ የሰማ ሰው ይከላከላል፣ ይቆጣል፣ ወይም ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። «ጊዜውን እንዴት አሳለፍከው?» ብሎ የሰማ ግን ይተርካል። ነጥብ የሚሰጠው ለሚተርከው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጥያቄን እንደ ክስ ላለመስማት የሚደረግ ልምምድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ካለቀ የትምህርት ቤት ደብተር የተረፈ ገጽም ይበቃል።
- የሥራ ማስታወቂያው። ከሰሌዳ ላይ ከሆነ ሙሉው እንዲነበብ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣችሁ አንድ ሰው። እናት፣ ጎረቤት፣ የሰፈር ጓደኛ፤ የተማረ መሆን የለበትም።
- ዲግሪ ወይም ቴምፖ፣ ትራንስክሪፕት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ካላችሁ እሱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ። ዋናውና 2 ኮፒ።
- ክላሰር። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ክረምት ላይ አትምጡብኝ።
- የደርሶ መልስ የታክሲ ሒሳብ በዝርዝር ብር፣ መጠባበቂያ ተጨምሮበት።
- ሁለት ማታ። አምስት ቀን ከተገኘ እሰየው።

1. ማስታወቂያውን መስመር በመስመር ገልብጡት

አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ማስታወቂያው የሚጠይቀውን፣ በቀኝ በኩል እናንተ ለዚያ ያላችሁን ማስረጃ ጻፉ። ማስታወቂያ ላይ ያለ መስመር ሁሉ ቆይቶ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። «በፈረቃ መሥራት የሚችል» ካለ፣ ማታ 4 ሰዓት ስትወጡ በምን እንደምትሄዱ ይጠየቃል። «የኮምፒዩተር ችሎታ ያለው» ካለ፣ ኤክሴል ከፍተው «እስቲ ይህን ደምሪልን» ማለታቸው አይቀርም። የሌላችሁን ነገር ባዶ አትተዉት፤ «የለኝም፤ ነገር ግን…» ብላችሁ ጀምሩና ጨርሱት። ልብ የሚያርደው ያላሰቡት ጥያቄ ነው። አስቀድሞ በእጃችሁ የጻፋችሁት ጥያቄ ሲመጣ ግማሹ ፍርሃት የለም።

ሥራው ኮምቦልቻ ከሆነ ቦታውን ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት። ከተማው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ አለ፣ ቢራ አለ፣ ብረታ ብረት አለ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ «ፋብሪካ ነው» ብሎ መሄድ አይበቃም። ፈረቃ ሲቀያየር በሩ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ በሉና አንዱን ሠራተኛ «እዚህ ሥራ የሚከብደው ምኑ ነው?» በሉት። ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ የማታገኙትን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ታገኛላችሁ።

2. ከራሳችሁ ሕይወት ሰባት ገጠመኝ ጻፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ለእያንዳንዱ ገጠመኝ ሦስት መስመር ብቻ፦ ምን ገጠመኝ፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ተገኘ። ገጠመኞቹ የተለያዩ ይሁኑ፦ ከሰው ጋር የተጋጫችሁበት፣ የተሳሳታችሁበት፣ ጊዜ ያጠራችሁበት፣ ሰው የረዳችሁበት፣ ራሳችሁን አዲስ ነገር ያስተማራችሁበት፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ በአደራ የያዛችሁበት፣ ወድቃችሁ የተነሣችሁበት።

«እኔ ግን ምንም ልምድ የለኝም» ትላላችሁ። አንዲት አካውንቲንግ የጨረሰች ልጅ ይህንኑ ብላኝ ነበር። ቤት ውስጥ ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት እናቷ ሰኞ ገበያ በርበሬና ሽሮ እንደሚሸጡ፣ የዱቤ ደብተሩን የምትይዘው እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ይህን ጻፍን፦

ምን ገጠመኝ፦ ባለ ዱቤዎች «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈልሽም» እየተባባሉ ከእናቴ ጋር ይጣሉ ነበር።
ምን አደረግሁ፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ከፈትኩ። ሲወስዱም ሲከፍሉም ቀኑን ጽፌ አስፈረምኩ፤ መጻፍ የማይችሉትን በጣት አሻራ አስፈረምኳቸው።
ምን ተገኘ፦ በ3 ወር ውስጥ ጭቅጭቁ ቀረ። ዱቤ ያልመለሱት ከ4 ሰው ወደ 1 ሰው ወረዱ።

ልጅቷ ወረቀቱን አየችና «ይኼ እኮ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው» አለች። ነው እንጂ! ዩኒቨርሲቲ የተማረችው እሱኑ ነው፤ ሽሮ ስለሸተተ አላወቀችውም።

ቁጥር ካላችሁ ቁጥር አስገቡ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት ብር። «ብዙ ሰው ረዳሁ» ማንም ይላል። ደግሞም አትፍጠሩ፤ ጠያቂ «ከዚያስ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲቆፍር የተፈጠረው ተረት ይፈርሳል። ሰባቱ ገጠመኞች የሚያስፈልጉበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሰው ሲፈራ ትዝታው አይታዘዘውም። ቀድሞ የተጻፈ ነገር ግን ይመጣል፣ አንዱ ገጠመኝም ለሦስት አራት ዓይነት ጥያቄ ይሆናል።

3. «ብኝ»ን ቁጠሩ

የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡና «ብኝ» ያለበትን ቃል ሁሉ አስምሩበት። ጠፋብኝ፣ ከለከሉብኝ፣ ዘገየብኝ፣ ተበላሸብኝ። ከዚያ ከእያንዳንዱ «ብኝ» ቀጥሎ እናንተ የሠራችሁት አንድ ግስ መኖሩን አረጋግጡ፦ ጠየቅሁ፣ ሞከርኩ፣ ለወጥኩ፣ ቆየሁ። ከሌለ ጨምሩ። «መረጃው ጠፋብኝ» ብሎ ያለቀ ዓረፍተ ነገር ልብ ይሰብራል። «መረጃው ጠፋብኝ፤ ከሦስት ደረሰኝ ቆጥሬ መልሼ ሠራሁት» ያለ ሰው ይቀጠራል።

የተበደላችሁትን ካዱ አላልኩም። «ብኝ»ው ይቀመጥ። ብቻውን አይቀመጥ ነው የምለው። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ሲበላሽ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ሥራ ላይ በየቀኑ የሆነ ነገር ይበላሻላ።

4. ጥያቄዎቹን መልሳችሁ ስሙ

በየኢንተርቪው የሚመጡት እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል።

«ስለ ራስሽ ንገሪን።» አንዳንዱ «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ» ብሎ ይጀምራል፤ ያው ነው። «የተወለድኩት እዚሁ ደሴ ሲሆን የአንደኛ ደረጃ ትምህርቴን…» ካላችሁ ደቂቃው አለቀ፤ እሱ ሲቪው ላይ አለ። ምን እንደተማራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሰባቱ አንዱን ገጠመኝ፣ ለምን እዚህ እንደመጣችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር። አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል።

«ለምን ሥራ ሳትይዝ ቆየህ?» እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ወደ ሠራችሁት እለፉ። «ሥራ አልነበረም» ላይ አትቁሙ። ቀን ሥራ ከሠራችሁ ተናገሩ፣ የአጎታችሁን ሱቅ ከጠበቃችሁ ተናገሩ፣ የታመመ ሰው ካስታመማችሁ ተናገሩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሥራ የተቋረጠባችሁ ወይም ሰነድ የጠፋባችሁም እንደዚሁ። ጠያቂዎቹም ያን ጊዜ እዚሁ ነበሩ፤ ማስረዳት አያስፈልግም። «በዚያን ወቅት ሥራው ቆመ፤ ከተመለስን በኋላ እንዲህ አደረግሁ» ይበቃል።

«ድክመትህ ምንድን ነው?» «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ጠረጴዛ ሥር እግር ለእግር እንነካካ ነበር። እውነተኛ፣ ትንሽ፣ እያስተካከላችሁት ያለ ነገር ምረጡ፦ «ሰው ፊት ስናገር እቸኩላለሁ። አሁን ከመናገሬ በፊት ሦስት ነጥብ በወረቀት እይዛለሁ።» ሥራውን የሚያፈርስ ድክመት ግን አትጥቀሱ፤ ለገንዘብ ያዥ የምትወዳደር ልጅ «ቁጥር ያምታታኛል» ካለች በቃ።

«ከቀድሞ ሥራህ ለምን ለቀቅህ?» እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ስጠየቅ የቀድሞ አለቃዬን አሥር ደቂቃ ያህል አማሁት። ሦስቱም ጠያቂዎች አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ እኔ «እየተደነቁልኝ ነው» ብያለሁ። ስወጣ ጸሐፊዋ በሹክሹክታ «እሱ ሰውዬ እኮ የመሃለኛው አማች ነው» አለችኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት ከተማ ይባሉ እንጂ ለሐሜት አንድ ግቢ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የምመክረው፦ ከቀድሞው ቦታ የተማራችሁትን አንድ ነገር ጥቀሱ፣ ቀጥሎ የፈለጋችሁትን ጥቀሱ፣ ዝም በሉ።

«ስንት ደመወዝ ትፈልጊያለሽ?» «የሰጣችሁኝን» ትሕትና ይመስላል፤ ጠያቂው የሚሰማው «አላጣራሁም» የሚል ነው። ተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ በሉ። ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ለዩ፤ በግል ድርጅት ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ 11 በመቶ ደግሞ አሠሪው ይጨምራል፣ ግብሩም አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል አይደነግጥም።

«ከደሴ እየተመላለስህ ትችላለህ?» 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ። «አዎ፣ ችግር የለም» ማንንም አያሳምንም፤ ዕቅድ ስጡ። «ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት መናኸሪያ እገኛለሁ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በርበሬ ወንዝ አክስቴ ጋ አርፋለሁ፤ ከዚያ ቤት እከራያለሁ።»

«አግብተሻል? ልጅስ?» ሴቶች ብዙ ጊዜ ትጠየቃላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ምክንያት አድልዎ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። መጨቃጨቅ ካልፈለጋችሁ ወደ ሰዓቱ መልሱት፦ «የሥራ ሰዓቴን የሚያስተጓጉል ነገር የለም፤ ፈረቃውንም ከቤት ተነጋግረንበታል።» አትዋሹ፣ ዝርዝርም አታውሩ።

«ጥያቄ አለህ?» «የለኝም» አትበሉ። «በመጀመሪያው ወር ከእኔ የምትጠብቁት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ከተራው ሰው ይለያችኋል። መልሱንም ጻፉት፤ ከገባችሁ ይጠቅማችኋል።

5. በቡና ላይ ተለማመዱ

በልብ ማጥናትና በአፍ መናገር ለየቅል ናቸው። ቤት ቡና ሲፈላ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ፊት ለፊት አስቀምጡና ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጉ። በአቦል «ስለ ራስሽ ንገሪን»ን መልሱ። በቶና ከሁሉ የምትፈሩትን ጥያቄ። በበረካ ቦታ ተለዋወጡ፤ እናንተ ጠይቁ፣ እነሱ ይመልሱ። ይህን የመጨረሻውን ሰው ይንቀዋል። ጠያቂ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ግን ረጅም መልስ እንዴት እንደሚያሰለች በራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ማታ ቅጂውን አዳምጡና «ማለት ነው»፣ «እንትን»፣ «ያው» ባላችሁ ቁጥር ሰረዝ አድርጉ። በሚቀጥለው ቀን በግማሽ ለመቀነስ ሞክሩ። ቃል በቃል ግን አትሸምድዱ፤ የሸመደደ ሰው መሃል ላይ ከተቋረጠ ከሀ ነው የሚጀምረው።

6. ዋዜማውና ጠዋቱ

ክላሰሩን ማታ ሙሉ፣ ስልኩን መብራት እያለ ቻርጅ አድርጉ። ቀጠሮው ኮምቦልቻ 3 ሰዓት ከሆነ ደሴ መናኸሪያ 1 ሰዓት ድረሱ። መንገዱ በደህናው ቀን ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ጉሙ፣ ዳገቱ ላይ የሚያዘግመው ከባድ መኪና፣ ከታክሲ መውረጃ ወደ ፋብሪካው የሚወስድ ባጃጅ፣ በር ላይ የመታወቂያ ፍተሻ ግን አለ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ደሴ የለበሳችሁት ወፍራም ሹራብ ኮምቦልቻ ላይ ያልባችኋል፤ ጠያቂ ደግሞ ላባችሁን እንደ ፍርሃት ነው የሚያነበው። ከሥር ቀለል ያለ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከላይ ጃኬት፤ ጃኬቱን ከመግባታችሁ በፊት አውልቁ። ጠመዝማዛው ላይ ደብተር አታንብቡ፣ ያቅለሸልሻችኋል። ቁርስ ብሉ፣ ግን ቀለል ያለ።

ታክሲው ውስጥ ልብ መምታት ከጀመረ በቀስታ አየር ሳቡ፣ ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ፤ አሥር ጊዜ ይበቃል። ረዘም ያለ አወጣጥ የልብ ምትን ያረግባል።

7. ክፍሉ ውስጥ

ጥበቃውን ሰላም በሉ። እኛ ብዙ ጊዜ «ያቺ ልጅ በር ላይ እንዴት ነበረች?» ብለን እንጠይቀው ነበር።

ስልክ ይጥፋ። «ተቀመጡ» እስክትባሉ ቁሙ። የጠየቃችሁን ሰው እያያችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ለሌሎቹም አካፍሉ። ጥያቄው ሲያልቅ አንድ ሁለት ትንፋሽ ዝም በሉ፤ ለእናንተ ዘመን ይመስላል፣ ለነሱ ማሰብ ነው። ካልገባችሁ «ጥያቄውን ቢደግሙልኝ?» ማለት ነጥብ አያስቀንስም። በእንግሊዝኛ ከጠየቁ በእንግሊዝኛ ጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከሄዳችሁ በኋላ ሐሳቡ ካልወጣ «በአማርኛ ብጨምርበት ይፈቀዳል?» በሉ። አብዛኛው ይፈቅዳል።

የማታውቁት ከመጣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ውጡ፦ «ይህን አላውቀውም። የማውቀው ይህን ነው። ሥራ ላይ ቢገጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ።» ያላወቁትን ያወቁ መምሰል የክፍል ኃላፊው ፊት አያልፍም፤ እሱ ማሽኑን በስሙ ይጠራዋል።

አንድ ጊዜ የኤክሴል ፈተና እየፈተንን መብራት ጠፋ። አራት ተፈታኞች ነበሩ። አንዱ «ሴቭ አላደረግኩም፣ ሁሉም ጠፋብኝ» ብሎ ራሱን ያዘ። ሁለቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንዷ ወረቀት ለምና፣ ሰንጠረዡን በእጇ ሠርታ፣ ድምሩን በስልኳ ካልኩሌተር አውጥታ ሰጠችን። መብራቱ ከምሳ በኋላ መጣ፤ እኛ ግን ከምሳ በፊት ጨርሰን ነበር።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ከቤተሰብ ጋር መምጣት። አባት በሩ ድረስ ቢሸኙ ክብር ነው፤ ግቢ ውስጥ ገብተው «ልጄን አደራ» ካሉ ግን ልጁ ነው የሚጎዳው።
- «ምንም ሥራ ቢሆን እሠራለሁ» ማለት። ቅንነታችሁ ይገባኛል፤ ጠያቂው ግን የት እንደሚያስቀምጣችሁ አያውቅም።
- ሲቪ ላይ «እንግሊዝኛ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ መጻፍ። እኔ ስተይብ አስጠነቅቃለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።
- የሌላ ሰው ሲቪ ገልብጦ ስሙን ብቻ መቀየር። «የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ» የሚለው ላይ ሁሉም ሰው ዋና ነው የሚዋኘው፤ ደሴ የት እንደሚዋኙ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም።
- ቀልድ ማብዛት፣ ወይም ከጠያቂው ጋር ዝምድና መቁጠር።

8. ስትወጡ፣ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት

የቅርቡ ሻይ ቤት ግቡና የተጠየቃችሁትን ሁሉ ጻፉ። የደናቀፋችሁበት ላይ ኮከብ አድርጉ። ደሴ እስክትደርሱ ግማሹ ይረሳል፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ በጸጸት ይጣመማል። ይህ ዝርዝር የሚቀጥለው ኢንተርቪው ጥያቄ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያው ነው የሚመጣው። ውጤት መቼ እንደሚነገር ካልነገሯችሁ ሳምንት ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ደውሉ። በየቀኑ አይደወልም።

9. የመጠበቂያው ቀናት

ከኢንተርቪው ራሱ ይልቅ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነው። ጎረቤት «ሥራ አገኘሽ ወይ?» ይላል፤ በቀን ሦስት ቡና ሲኖር ጥያቄውም ሦስቴ ነው። ይህንንም እንደ ክስ አትስሙት። አጭር መልስ አዘጋጁና ለሁሉም እሱኑ ስጡ፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ቦታ ተወዳድሬ እየጠበቅሁ ነው፤ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ...» እያላችሁ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ንገሩኝ» ጠያቂውን ረዳት ታደርገዋለች። አንዳንዱ ማስታወቂያ የሚገኘው በዚያ መንገድ ነው።

ማታ ማታ ደብተሩ ላይ የቀኑን «ብኝ» አንድ ብቻ ጻፉ። ታክሲ ሞላብኝ፣ ዝናብ ጣለብኝ፣ ተራዬ አለፈብኝ። ከሥሩ ያደረጋችሁትን፣ ካላደረጋችሁ ነገ የምታደርጉትን አንድ ግስ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አፍና እጅ ስለሚለምዱት ነው የሚጠቅመው፤ ኢንተርቪው ላይ ደንግጣችሁም ቢሆን ዓረፍተ ነገራችሁ «ብኝ» ላይ አይቆምም። ለቀኑም ቋሚ ሰዓት ስጡት፦ ጠዋት ማስታወቂያ ፍለጋ፣ ከሰዓት ሌላ ሥራ ወይም የቤት ሥራ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ መጠበቅ ሰውን ያጠወልጋል።

«መጠባበቂያ» ተብላችሁ ከተለጠፈ ወድቃችኋል ማለት አይደለም፤ ያለፈው ሰው ባይመጣ ይደወላል። ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። በዚህ ብቻ ሥራ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

ጥንቃቄ

- «ብር ከሰጠኸኝ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ለኢንተርቪው፣ ለፎርም፣ ለዩኒፎርም በሚል ቀድሞ ብር የሚጠይቅም ያው ነው።
- ዋናውን ሰነድ ለማመሳከር አሳዩ፣ ትታችሁ አትውጡ።
- የሐሰት የሥራ ልምድ አታሠሩ። በወንጀል ያስጠይቃል፤ ከተቀጠራችሁ በኋላም ቢሆን ይጣራል። እኔ ጋ መጥቶ «ማኅተሙን ስካን አድርጊልኝ» የሚል አለ፤ አላደርግም።
- ቀና መሆን ሁሉን መቀበል አይደለም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በዚያም ጊዜ ደመወዝ ይከፈላል። «ስድስት ወር በነጻ እንይህ» የሚል ሥራ ቢቀር ይሻላል።
- ቀጠሮው ከቢሮ ውጭ፣ ሆቴል ክፍል ወይም በምሽት ከሆነ አትሂዱ፤ በተለይ ሴቶች።
- እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ፣ ሁለት ሳምንትም ከቆየ፣ ይህ በደብተር የሚፈታ አይደለም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

10. ሲደወል

ስልኩን ስታነሡ እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚቀርቡበትን ቢሮ፣ የሚያመጡትን ሰነድ ጠይቁና መልሳችሁ አንብቡላቸው። ንብረት ወይም ገንዘብ ያለበት ሥራ ከሆነ ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ ደግሞ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ሰውየው ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፣ ደብዳቤ የሚፈርመው ኃላፊም መስክ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና ኢንተርቪው እንደጨረሳችሁ፣ ውጤት ሳይወጣ፣ አጎታችሁን ወይም የሰፈሩን መምህር «ካለፍኩ ተያዥ ይሆኑኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።